በሰም ውስጥ የቀረች ጣት

መምህሩ ቀረ። በረዶው ትራሙን ይዞት፣
ሎድዝን ከዳር ዳር ነጭ ጨርቅ አልብሷት።
እኛ የማታ ተማሪዎች፣ አሥራ አንድ ሰዎች፣
ማሞቂያውን ከበን እንደ ጫጩቶች።
ነገ ፈተና ነው፤ ከአቶም እስከ ቆዳ፣
ግማሹ አልገባንም፣ ግማሹም እንግዳ።

ያን ጊዜ ሄንሪካ ከቤተ ሙከራ
ብቅ አለች፣ አንድ ሣጥን በብብቷ አኑራ።
ሰም ቆራጭ ናት እሷ። ዲግሪ እንኳ የላት፤
«እስኪ ቁጭ በሉ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«በውሃ እንጀምር። ሁለት ሃይድሮጅን
እንደ ጆሮ ሰክቶ፣ ጎብጦ ኦክስጅን፣
ወዲህ ጥቂት ሲደመር፣ ወዲያ ጥቂት ሲቀነስ፣
ጎረቤቱን ይዞ ይለቀዋል፣ ቅጽበት እንኳ ሳይደርስ።
በዚህ መያዝ መልቀቅ ነው ደማችሁ ሳይበጠስ የሚፈስ።
ካርቦን ሌላ ነው፤ አራት እጅ ዘርግቶ
የያዘውን አይለቅም፣ ሳይከፈለው ከቶ።»

ቲሞን ከወደኋላ፣ እያዛጋ በእንቅልፍ፣
«ጨውስ?» አለ። «ጨውማ ቆሟል ከደጃፍ።
ሦስት ሶድየም ይወጣል፣ ሁለት ፖታሽየም ይገባል፣
በእያንዳንዱ ሕዋስ በር ክፍያ ይጠየቃል፤
አንተ ብትተኛ እንኳ ዘበኛው አይተኛም፤
የዳቦህን ድርሻ ካላገኘ አይነጋም።»
ሣቅን። እሷ አልሣቀችም።

«ደምስ?» አለች ሉቺና፣ ደብተሯን ገልጣ።
«ሰባት ነጥብ አራት» አለች፣ ቃሉን ቆርጣ፤
«ወደ ኮምጣጣው ካዘነበለ፣ ትተነፍሻለሽ ቶሎ ቶሎ፤
ኩላሊትሽ ይደርሳል ኋላ፣ የተረፈውን አሲድ አጥቦ ጥሎ።
ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የለቀምኩት፤
ባሌ ሲሞት ነው፣ ትንፋሹን ስቆጥርለት።»

ዝም አልን። ማሞቂያው ተንጣጣ። ሣጥኑን ከፈተች፤
አንድ የሰም ጡብ አውጥታ መብራት ላይ ያዘች።
መሀሉ ላይ ነገር አለ፣ ባቄላ የሚያህል፣
ግራጫ፣ ዝም ያለ፣ እንደ ተረሳ ቃል።

ምላጩ ሲመላለስ ሰሙ ሪባን ሆነ፣
ከፀጉር ዘለላ አሥር እጅ የቀጠነ፤
ለብ ባለ ውሃ ላይ ሽብሽቡ ሲዘረጋ
በመስታወት ቀለበችው፣ እጇ ሳይናጋ።

«ይሄ ሰማያዊ ቀለም ከእንጨት ልብ ነው የወጣ፤
ድሮ ለጨርቅ ነበር፣ ኋላ ወደ ሥጋ መጣ።
እኔም እንደሱ ነኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ
ከጥጥ ወደ ሰው ዞርኩ፣ ክሩን ሳልዘነጋ።
በቋንቋችን ስሙ ከሽመና ይወለዳል፣
ሕብረ ሕዋስ ማለት፤ ሸማኔ ይገባዋል።»

ተራ በተራ ጎነበስን፣ አንድ ዐይን ጨፍነን።
ከላይ የሽፋን ሕዋስ፣ ንጣፍ በንጣፍ፣
ላዩ ሞቶ ዘብ የቆመ፣ ተራው ደርሶ እስኪረግፍ፤
ከሥሩ አያያዥ ክሮች፣ ሮዝ፣ ወዲያና ወዲህ፣
ሥርዓት የሌላቸው።
ሄንሪካ ተቆጣች፦ «ሥርዓታቸው ነው እንዲህ!
በየትም ቢጎተት እንዳይቀደድ ነው» አለች።
ከዚያ ቀጭን የደም ቧንቧ፣ በጡንቻ የታጠረች፤
መጨረሻ ላይ ነርቭ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ
እንደ ጥድ ፍሬ፣ አንድ ሰው ይነካኛል ብሎ።

«የማን ነው?» አልናት።
ግራ እጇን አነሣች።
አውራ ጣቷ አጭር ናት፤ ከአንጓዋ ቀርታለች።

«ማሽኑ ነው የወሰዳት፣ በሌሊት ፈረቃ፤
ሐኪሙ ሰም ውስጥ ቀበራት፣ ለትምህርት ትብቃ
ብሎ። እኔ አረጀሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ አለኝ፤
እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ የለኝ።
በብርድ ቀን ደግሞ የሌለው ጫፍ ይበላኛል፤
ሕዋሱ እዚህ ሣጥን ውስጥ፣ ሕዋሱ እጄ ላይ ይሰማኛል።»

ሣጥኑን ዘጋች። ምላጩን ጠርጋ፣ መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

በማግስቱ ተፈተንን። ሰባተኛው ጥያቄ፦
«አራቱን ሕብረ ሕዋስ ዘርዝሩ።» ጻፍኩኝ ተጠንቅቄ።
ቲሞን ግን ከጎኔ፣ ብዕሩን አስቀምጦ፣
የገዛ አውራ ጣቱን ያየዋል፣ አገላብጦ።